ምሳ የሚያስረሳ ሙያ

መምህር እሸቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ፣ በግ ሊሸጥ ከመጣ የግሼ ሰው አፍ ነው። ሰውዬው ለኔ ብሎ አልተናገረም። ከጓደኛው ጋር ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ሲጫወት መሃል ላይ፣ «ያ ራቤል ያለው አስተማሪም አረፈ፤ ደረቱን ይዞት አልለቀው አለ» ሲል ጆሮዬ ጥልቅ አለ። የትኛው አስተማሪ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሸቴ የሚባለው። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ ብዙ ዘመን የኖረው። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

በጉን ያሰረበትን ገመድ አየሁ። ሰውዬው ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝና ጓደኛውን ይዞ ፈቀቅ አለ።

ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ ስበላ ስጠጣ፣ ከሰው ጋር ስስቅ ነበር። የሚወዱት ሰው ሞቶ ሳያውቁ መሳቅ ሲያስቡት ያማል።

እኔ ሳውቃቸው ዓለም ከተማ በነበረው ትምህርት ቤት ሒሳብና አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ረጅምና ከሲታ ነበሩ። በጋ ክረምት ጋቢ ደርበው ነው የሚያስተምሩት። የጠመኔ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ስለሚጠርጉ፣ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ያየ ሰው ከወፍጮ ቤት የሚመለሱ ይመስለው ነበር። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። አዲስ የመጣ ተማሪ ያንቀላፉ መስሎት ንግግሩን ያቋርጣል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቀጥል፣ እዚህ ነኝ» ይሉታል። ይህን ልማድ ያመጡት ግሼ ቅኔ ቤት ሳሉ ነው ይባላል።

ሌላው አስተማሪ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህር እሸቴ ይህን ጥያቄ አይወዱትም።

«ዶክተር ስም ነው» ይሉ ነበር። «ሰው ስም ሲሠራ አይውልም፤ ቁስል ሲያጥብ ነው የሚውለው። ቁስል ማጠብ ትወዳለህ ወይ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።»

የሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። «ምን ስትሠራ ነው ምሳህን የምትረሳው?» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ምሳ ረስቼ አላውቅም» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያው አንተና ሥራህ ገና አልተገናኛችሁም ማለት ነው። ትገናኛላችሁ» አሉትና ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ልጁ ያን ቀን እንደተመረቀ ሰው ደስ ብሎት ዋለ።

ተፈራ የሚባል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። ሐኪም እሆናለሁ ማለቱን አይተውም፤ አባቱም በየድግሱ «ሐኪሙ ልጄ» ይለው ጀምሮ ነበር። መምህር እሸቴ ከክሊኒኩ ሰውዬ ጋር ተነጋግረው አንድ ቅዳሜ ወሰዱት። የአንድ ገበሬ ትልቅ እባጭ ሲፈነዳ ተፈራ ያየውን አየና እዚያው ተዘረጋ። እሳቸው ደግፈው አውጥተው ከጥላው አስቀመጡት፣ ፊቱን ውሃ ነከሩት፤ ሲነቃ አፍሮ ሊያለቅስ ሲል፣ «ምን ያስለቅስሃል? ስንት ዓመት ተምረህ እዚያ ከምትወድቅ ዛሬ እዚህ መውደቅህ አይሻልም?» አሉት። ለአባቱ ራሳቸው ሄደው አስረዱ። ተፈራ በኋላ አዲስ አበባ የሒሳብ አያያዝ ተማረ፤ ባየሁት ጊዜ ሁሉ ፊቱ የጠገበ ሰው ፊት ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ስምንተኛ ክፍል የሚንስትሪ ፈተና ውጤት በመጣ ቀን፣ ያለፉትን አንድ በአንድ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ከነበረው ወይራ ሥር ይጠሩና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ ይሏቸዋል። ገና ጺሙ ያልበቀለ ልጅ አንቱ ሲባል ይደነግጣል። «ከእንግዲህ በራስዎ ነገር ላይ ሽማግሌው እርስዎ ነዎት» ይሉታል። «እኔም እመክራለሁ፣ አባትዎም ይመክራሉ፤ የሚኖሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ከዚያ ወይራ ሥር ቆመው አንቱ ከተባሉት አንዱ ነው። እጁ የማያርፍ ልጅ ነበር። መምህር እሸቴ በጠርሙስ ግማሽ ውሃ አድርገው የመሬት ዝንባሌ እንዴት እንደሚለካ አሳይተውት፣ እሱ ያችን ጠርሙስ ይዞ ከቤታችን በላይ ያለውን ምንጭ ዳገቱን ዞሮ እስከ ጓሯችን ድረስ በቦይ አመጣው። ጎረቤት ተሰብስቦ ውሃው ሲደርስ ሲያይ አባቴ፣ «ውሃ አቀበት ወጣ» ብሎ አማተበ። አቀበት አልወጣም ነበር፤ ጌታነህ ግን ለማስረዳት ሞክሮ ተወው።

አባቴ አቶ በየነ ሙግት ያለበት ሰው ነበር። ከአያቴ በወረደ ርስት ከአጎቱ ልጆች ጋር እኔ ሳልወለድ የጀመረው ክርክር ከዳኛ ወደ ዳኛ እየተላለፈ አያልቅም። ፍርድ ቤት በቀረበ ቁጥር የሚያሸንፉት ሕግ በሚያውቅ ሰው ስለሚታገዙ ነው ብሎ ያምናል። ጌታነህ ደብረ ብርሃን ገብቶ አሥራ ሁለተኛን ሲማር፣ አባቴ በችሎት ፊት ቆሞ ለባላንጣዎቹ «ቆዩ፣ ልጄ ሕግ ተምሮ ይመጣል» አላቸው። ቃሉን አገር ሰምቶታል።

ጌታነህ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ታወቀ። መስከረም ሲመዘገብ የትኛውን ትምህርት እንደሚይዝ መናገር አለበት። ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሳይወጣ ከረመ። አባቴ ሕግ ነው ብሎ ስላሰበ አልጠየቀም፤ ወንድሜም ስለፈራ አልተናገረም። በመጨረሻ እናቴ፣ «እናንተ ዝም ብትባባሉ ቀኑ ዝም አይልም» ስትል፣ አባቴ «መምህር እሸቴ ዘንድ እንሂድ፤ ሕግ ይሻላል ይሉልናል» አለ። እሳቸው ከጎኑ እንደሚቆሙ አልተጠራጠረም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። እኔ እናቴ የላከችውን አይብ ይዤ ነበር፤ ሰጥቼ ልወጣ ስል መምህር እሸቴ፣ «ቁጭ በዪ፤ ነገ ተራው ያንቺ ነው» አሉኝ።

አባቴ ነገሩን ዘርዝሮ ተናገረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲጨርስ ወደ ጌታነህ ዞሩ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ጌታነህ መሬት መሬት እያየ፣ «ምህንድስና» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አባቴ።

«መንገድ ማውጣት፣ ድልድይ መሥራት፣ ውሃ መጥለፍ ነው» አሉ መምህር እሸቴ።

«ድንጋይ መደርደሩንማ እኔም አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው?»

«አቶ በየነ፣ ለዚህ ነው። የሚደረደረው ድንጋይ በክረምት የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ሰው ይዞ እንዲቆም ነው።»

አባቴ ቆጣ አለ። «ልጄ ሕግ ይማራል ብዬ በችሎት ተናግሬያለሁ። ነገሬን ማን ይቁምልኝ?»

መምህር እሸቴ ቀስ ብለው፣ «ነገሩ የርስዎ ነው፤ ዕድሜው ግን የሱ ነው» አሉ። «ሕግ ጥሩ ሙያ ነው። ለሚወደው ሰው ከሱ የሚበልጥ የለም። ይህ ልጅ ግን ሕግ ቢማር ለርስዎ ብሎ ይማረዋል፤ የርስዎ ሙግት ባለቀ ማግስት ምን ይዞ ይኖራል? ጠርሙስ ይዞ ዳገት ሲዞር ስንት ምሳ እንደረሳ እርስዎም ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ባለቤትዎ እኔ ቤት ድረስ መጥተው ከሰውኛል።»

አባቴ ሊስቅ ፈልጎ ያዘው። ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ።

«እንግዲህ የመከሩት እርስዎ ነዎት፤ ልጁን ለእግዜርና ለርስዎ ሰጥቻለሁ» አለ።

«ተቀብያለሁ» አሉ መምህር እሸቴ።

ጌታነህ ከዚያ ቤት ሲወጣ የነበረው ፊት አሁንም አይጠፋኝም። አባቴ ከፊት ከፊት ሲሄድ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ እጄን ይዞ እንደ ሕፃን ያስሮጠኝ ነበር።

ምህንድስና ተማረ። ክረምት ክረምት ሲመጣ ከሻንጣው ልብስ ሳይሆን የተጠቀለለ ወረቀት ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የሚሄደው መምህር እሸቴ ቤት ነው። ሁለቱ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተው፣ አራቱን ጠርዝ ድንጋይ ጭነውበት ሲነጋገሩ ይውላሉ። እሳቸው የሚጠይቁትን ጥያቄ ሰምቼ አስተማሪው ማን ተማሪው ማን እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር።

ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ከጓደኞቹ ጋር ሰላሌ በኩል ለሚሠራ መንገድ መሬት ለመለካት ተላከ። የዚያ ዓመት ዝናብ እንደ ልማዱ በመስከረም አላቆመም። ገደሉ ሥር ሆነው ሲለኩ ናዳ ወረደ። ሌሎቹ አመለጡ፤ ጌታነህ አላመለጠም።

መርዶውን ለአባቴ ያረዱት ሽማግሌዎችና ቄሱ ናቸው፤ ጎሕ ሲቀድ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ ገና ስታያቸው ገባት። አስከሬኑ በመኪና እስከ ጀማ ገደል አፋፍ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ስለማያልፍ የአገሩ ሰው ወርዶ በቃሬዛ ተቀበለው። ጀማ ገና አልጎደለም ነበር፤ ውሃው ወገብ ይደርሳል። የቃሬዛውን የፊት እጀታ ይዘው ወንዙ ውስጥ የገቡት መምህር እሸቴ ናቸው። ሰው ሊቀይራቸው ሲጠጋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዳገቱን በሙሉ ማንም ሳይቀይራቸው ወጡ። ከሲታ ሰው ነበሩ ብያለሁ፤ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ላይ የአባቴ እህት ደረቷን እየደቃች እንዲህ ብላ ገጠመች፦

ሕግን ቢማር ኖሮ ወንበር ላይ በዋለ፣
ድንጋይ ቁጠር ብሎ መካሪው ገደለ።

የተቀመጠው ሰው ሁሉ መምህር እሸቴን አየ። እሳቸው ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ። ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሄዱም። እስከ ሠልስት ድረስ ጠዋት መጥተው ማታ ይሄዱ ነበር፤ ውሃ እንኳ ከቤታችን አልጠጡም። አባቴ ለእህቱም ለሳቸውም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ወዲህ መምህር እሸቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ማስተማሩን አልተዉም፤ ሒሳቡን እንደ ድሮው አጥርተው ያስረዳሉ። ያን ጥያቄያቸውን ግን ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማሁም። ተማሪ ሊያማክራቸው ሲመጣ «አባትህን ጠይቅ» ብለው ይመልሱታል። አባት የሌለውን «አጎትህን ጠይቅ» ይሉታል። እኔ ስምንተኛን ሳልፍ ውጤታችንን ክፍል ውስጥ አንብበው ወረቀቱን አጥፈው ወጡ። ወይራው ሥር የተጠራ የለም። እኔም አንቱ ሳልባል ቀረሁ።

አባቴም ተለወጠ። ያን ሁሉ ዘመን የያዘውን ሙግት በሽማግሌ ጨረሰው። ባላንጣዎቹ የፈለጉትን ድንበር ሲያሳዩ «ይሁን» አለ። እናቴ ለምን ብላ ስትጠይቀው «ለማን ብዬ?» አላት። እኔን ግን ከትምህርት አላስቀረኝም። የእናቴ እህት ደብረ ብርሃን ትኖር ስለነበር እሷ ዘንድ ሆኜ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ዩኒቨርሲቲ መግባቴም ታወቀ።

ያን ክረምት ለአባቴ ምህንድስና እንደምማር ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ወጣና በቅሎውን ጫነ።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አለኝ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«መምህር ዘንድ።»

ከለቅሶው በኋላ አባቴ እሳቸው ቤት ረግጦ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን ዋሉ» ተባብለው ነው የሚተላለፉት። መምህር እሸቴ በሩ ላይ ሲያዩን ተነሥተው ቆሙ፤ መቀመጫ ማቅረብ እንኳ ዘነጉ። አባቴ ራሱ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ይምከሯት» አለ።

መምህር እሸቴ ፊታቸው ተለወጠ። «አቶ በየነ፣ ይህን አይጠይቁኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ልጅ አልመክርም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ከውጭ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንጨት ሲፈልጥ ይሰማል። አባቴ ብዙ ንግግር የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሳያቋርጥ ተናገረ።

«ልጄ ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት ጀማ ድረስ ይዞኝ ወረደ። እዚህ ምሰሶ ይቆማል፣ እዚህ ብረት ይዘረጋል እያለ ሲያሳየኝ ዋለ። ከሚለው አንዱም አልገባኝም። ግን ልጄ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በኔ ቤት ዝምተኛ ነበር፤ ዝምተኛ የሆነው የሚናገረው ስለሌለው መስሎኝ ነበር። ያን ቀን አፉ አያርፍም። ሕግ ቢማር ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ይሆናል፣ አላውቅም። ያን ቀን ግን አላየውም ነበር። ልጄን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። የወሰደው እግዜር ነው።»

መምህር እሸቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንባቸው ከተጨፈነው ዓይን ሥር ወጥቶ ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምን ልትማሪ አሰብሽ?» አሉኝ።

«ምህንድስና።»

«እሱ የወንድምሽ ነው።»

«እሱ የጀመረውን እኔ ልጨርስለት ብዬ ነው።»

«አይጨረስም» አሉ። ድምፃቸው የሻከረ ነበር። «የሞተ ሰው ርስቱ ይወረሳል፣ ሙያው አይወረስም። ሄደሽ ብትማሪው በየቀኑ ለቅሶ ቤት ትውያለሽ። ያንቺን ንገሪኝ። ምን ስትሠሪ ነው ምሳሽን የምትረሺው?»

ጌታነህ ከሞተ ጀምሮ የራሴ ነገር ምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ ሊቆጣ ሲል እሳቸው በእጃቸው አስቆሙት።

«ይተዉአት። ይህ ጥያቄ እኔንም አስለቅሶኛል» አሉ። ከዚያ ለአባቴ የሚነግሩት እየመሰሉ ለኔ ነገሩኝ። «እኔ ግሼ ቅኔ ቤት ሳለሁ ትምህርት ቤት ተከፈተና ፊደል የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። የወረዳው ገዥ እኔን ጠቁሞ ይህ ይሂድ አለ፤ ሄድኩ። ከዚያ በፊትም ቅኔ ቤት የላከኝ አባቴ ነው። ምን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ነው ያገኘሁትን ልጅ ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩት።»

«እርስዎስ ቢጠየቁ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» አለ አባቴ።

መምህር እሸቴ ደጁን አዩ።

«አላውቅም፣ አቶ በየነ። ሳይጠየቅ የኖረ ሰው መልሱ ይጠፋበታል።»

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ስገባ ሳልቀመጥ ነው የነገርኳቸው። ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ከኩሬ የቀዳነውን ውሃ በማይክሮስኮፕ ስናይ፣ አንዲት ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ነፍሳት እያየሁ ሌሎቹ ወጥተው፣ ዘበኛው በሩን ቆልፎብኝ እንደሄደ ነገርኳቸው። መቆለፉን ያወቅሁት ሆዴ ሲጮህ ነው።

መምህር እሸቴ ከጌታነህ ሞት ወዲህ ያን ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «ይኸው» አሉ። ከዚያ ግን ወዲያው ኮስተር ብለው፣ «መውደድ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ይህን የተማረ ሰው የት ነው የሚሠራው?» አሉኝ። ለሰዓታት ተነጋገርን። ማስተማር እንዳለ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ እንዳለ፣ የእርሻ ምርምር እንዳለ አንድ በአንድ እያነሡ ጠየቁኝ። የትኛው ቤት የትኛውን ትምህርት እንደሚፈልግ፣ ከቤተሰቤ ምን ያህል እንደምርቅ፣ ሴት ብቻዋን ስትሆን ምን እንደሚገጥማት፣ ሌላ ሰው ያላነሣልኝን ሁሉ አነሡ። ባዮሎጂ ይዤ መጨረሻው ላይ ወደ ላቦራቶሪ ሥራ ብዞር እንደሚሻለኝ ራሴ ደረስኩበት፤ እሳቸው ተማሪ አላሉኝም፣ አትማሪም አላሉኝም።

ስነሣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። «እንግዲህ ይበርቱ» አሉኝ። አንቱ ማለታቸውን የተገነዘብኩት መንገዱን አጋምሼ ነው።

እሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ዓመት እናታቸው ስላረጁ ዝውውር ጠይቀው ወደ አገራቸው ራቤል ሄዱ። እኔ ተምሬ ጨርሼ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ደብረ ብርሃን ከራቤል ያን ያህል የራቀ አይደለም፤ ሆኖም የመንዝን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለፋሲካ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ፋሲካ ያልፋል። ለክረምት ዕረፍት እላለሁ፣ መንገዱ ይቆረጣል። ምሳ በረሳሁ ቁጥር አስታውሳቸው ነበር፤ እሱን ሄጄ ሳልነግራቸው ሞቱ።

በግ ነጋዴው መርዶውን በነገረኝ ሰሞን ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። እስከ መሐል ሜዳ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው። ራቤል የደረስኩት ቅዝቃዜው አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት ነበር። የእኅታቸውን ቤት አሳዩኝ። ከሩቅ የሚመጣ ለቀስተኛ ስላላለቀ ግቢው ውስጥ ገና ሰው ተቀምጧል። እኅታቸው ወይዘሮ አስካለ ተቀበሉኝ፤ እንደሳቸው ረጅምና ከሲታ ሴት ናቸው። ከመርሐቤቴ እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው፣ «ከናንተ አገር አንድ ሽማግሌ እኛ ዘንድ ሰንብተዋል፤ የርስዎ ዘመድ ይሆኑ ይሆናል» አሉኝ።

«ማን ይባላሉ?»

«ስማቸውን አልያዝኩትም። የወንጪትን ወንዝ ተሻግረው፣ መንዝን አቋርጠው ነው የመጡት። አቧራ ለብሰው በራፍ ላይ ቆሙ። የወንድሜ ምን እንደሆኑ ማንም አላወቀም። ቄሱ የት እናስቀምጣቸው ብለው፣ ለሟች ምናቸው ነዎት ቢሏቸው ምን አሉ መሰለዎት?»

ቀና ስል፣ ከሟች ወንድሞች መካከል፣ እንደ ሐዘንተኛ ጋቢውን አዘቅዝቆ የተቀመጠውን አባቴን አየሁት። እሱ ገና አላየኝም።

«አብረን ልጅ ቀብረናል፣ አሉ።»